ከጥቂቱ ብዙውን ማወቅ፦ የናሙና ጥናት በኢትዮጵያ፣ ታሪኩና የስሕተቱ ምንጮች

መሐንዲስ የውሃ ቧንቧ ከመዘርጋቱ፣ ጎዳና ከመጥረጉ ወይም የፍሳሽ መውረጃ ከመንደፉ አስቀድሞ የሚጨብጠው የመጀመሪያ አሐዝ የብረት ጥንካሬ ወይም የውሃ ግፊት አይደለም፤ የሰው ቁጥር ነው። ዛሬ በከተማው ስንት ሰው አለ? ከሃያ ዓመት በኋላስ ስንት ይሆናል? አንድ ቤተ ሰብ በቀን ስንት ሊትር ይጠቀማል? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ ከተሳሳተ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስሌት የቱንም ያህል የጠራ ቢሆን መሠረቱ አሸዋ ነው። እኛ የሲሚንቶውን ጥራት በቤተ ሙከራ ሳናስመረምር የማንቀበል ሰዎች፣ የሕዝቡን ቁጥር ከአንድ ሪፖርት ላይ ገልብጠን ወደ ሒሳባችን ስናስገባ ግን «ይህ አሐዝ እንዴት ተገኘ?» ብለን የምንጠይቀው ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አሐዙ የሚገኝበትን መንገድ፣ ማለትም የናሙና ጥናትን፣ ከታሪኩ ጋር በአጭሩ ለማኅበራችን አባላት ማቅረብና ስሕተት በየትኛው በር እንደሚገባ ማሳየት ነው። ዓመታቱ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፩. አሳቡ ከየት መጣ?

ከጥቂቱ ተነሥቶ ብዙውን መገመት ለሀገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ባለሞያ ሴት የወጧን ጣዕም ለማወቅ ድስቱን አትጨርስም፤ አማስላ በመዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። እህል ገዢም ጆንያውን ሁሉ አይዘረግፍም፤ አንድ እፍኝ ዘግኖ ይመለከታል። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ወጡ ተማስሏል፤ ከየትኛውም ወገን ቢቀመስ ጣዕሙ ያው ነው። ጆንያው ግን አልተማሰለም፤ ሻጩ ፍሬው የሞላውን እህል ከአፉ ላይ፣ እንክርዳድ የበዛበትን ከሥር አድርጎት ሊሆን ይችላል። ልምድ ያለው ገዢ እጁን ወደ ጆንያው ሆድ የሚሰደው ስለዚህ ነው። የናሙና ትምህርት በጠቅላላው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስላለው ልዩነት የሚናገር ትምህርት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። የአንድ አገር ሕዝብ እንደ ወጥ ሊማሰል ስለማይችል የማማሰሉን ሥራ ዕጣ ይሠራዋል።

አሳቡ በሊቃውንት ጉባኤ ፊት የቀረበው በ1895 እ.ኤ.አ. ነው። የኖርዌይ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበሩት አንደርስ ኪየር፣ በስዊዘርላንድ በርን ከተማ በተደረገው የዓለም አቀፍ ስታቲስቲክስ ኢንስቲትዩት ስብሰባ ላይ ሁሉን ከመቁጠር ይልቅ አገሩን በትንሹ የሚመስል ክፍል መርጦ መመርመር እንደሚበቃ አስረዱ። ብዙዎቹ ተሰብሳቢዎች ተቃወሟቸው፤ ቆጠራ ባለበት ግምት ምን ያደርጋል የሚል ነበር መከራከሪያቸው። በ1912 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው አርተር ቦውሊ በሬዲንግ ከተማ የሠራተኛውን ኑሮ ከመላው ቤቶች ጥቂቱን ብቻ በሥርዓት መርጠው በማጥናት ዘዴው በተግባር እንደሚሠራ አሳዩ።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ «በናሙና እንጠቀም ወይስ አንጠቀም?» ከሚለው ወጥቶ «ናሙናው እንዴት ይመረጥ?» ወደሚለው ተሸጋገረ። በጣልያን አገር ጂኒና ጋልቫኒ የተባሉ ሊቃውንት ከ1921 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ቆጠራ ጥቂት መዝገቦችን ለማስቀረት ፈልገው፣ ከ214 አውራጃዎች ውስጥ አማካያቸው ከመላው አገር አማካይ ጋር የሚቀራረበውን 29 አውራጃዎች አስበው መረጡ። የመረጡት ናሙና አስቀድመው ባመሳከሯቸው ነገሮች ከአገሩ ጋር ሲስማማ ባላመሳከሯቸው ነገሮች ግን እጅግ ተለያየ። በ1934 እ.ኤ.አ. ጄርዚ ኔይማን ባወጡት ጽሑፍ ይህንኑ ምሳሌ ጠቅሰው አዋቂ ሰው በአሳቡ ከሚመርጠው ይልቅ በዕጣ የተመረጠው ናሙና እንደሚታመን፣ ይልቁንም የስሕተቱ መጠን አስቀድሞ ሊሰላ እንደሚችል በሒሳብ አረጋገጡ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዓለም ሁሉ ያየው ማስረጃ መጣ። በ1936 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ምርጫ «ሊተረሪ ዳይጀስት» የተባለው መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች መጠይቅ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበና አልፍሬድ ላንደን ያሸንፋል ብሎ ተነበየ። ያሸነፈው ግን ፍራንክሊን ሩዝቬልት ነው፤ ያውም ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ይዞ። መጽሔቱ አድራሻ የሰበሰበው ከስልክና ከአውቶሞቢል ባለቤቶች መዝገብና ከመሳሰሉት ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን እንደ ሆነ ለመገመት አያዳግትም። ከዚህም በላይ መጠይቁን ሞልቶ ለመመለስ የተጋው ሰውና ወደ ጎን የጣለው ሰው አንድ ዐይነት አልነበሩም። የናሙና ብዛት የአመራረጥን ጉድለት እንደማይሸፍን ከዚህ የበለጠ አስተማሪ የለም።

ለእኛ ግን ከአሜሪካው ይልቅ የሚቀርበን የሕንድ ታሪክ ነው። ፕራሳንታ ማሃላኖቢስ ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቤንጋል የጁት ተክልን የእርሻ ስፋትና ምርት በናሙና ለመገመት ሰፊ ሥራ ሠሩ፤ በ1950 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሕንድ ብሔራዊ የናሙና ጥናት ተጀመረ። ገበሬው ብዙ፣ መዝገቡ ጥቂት፣ ገንዘቡ አነስተኛ በሆነበት አገር ዘዴው ሊሠራ መቻሉ የታየው በዚያ ነው።

፪. ናሙና በኢትዮጵያ

የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤት በ1960 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ኢትዮጵያ አንድም ጊዜ ሕዝቧን በሙሉ ቆጥራ አታውቅም ነበር። በሌሎች አገሮች ቆጠራ ቀድሞ ናሙና ሲከተል በእኛ አገር ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። አዲስ አበባ በ1961 እ.ኤ.አ. ተቆጥራ ወደ 444 ሺህ ሕዝብ ተገኘባት፤ በ1967 እ.ኤ.አ. በተደረገው የናሙና ጥናት ደግሞ ወደ 684 ሺህ ተገመተች። ለገጠሩ ሕዝብ መጀመሪያ የሆነው ከ1964 እስከ 1967 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የብሔራዊ ናሙና ጥናት አንደኛ ዙር ሲሆን፣ ሁለተኛው ዙር በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መባቻ እ.ኤ.አ. ተከተለ። ካርታ በሌለበት አገር፣ በእግርና በበቅሎ እየተጓዙ፣ የቤቶችን ዝርዝር እያወጡ መረጃ የሰበሰቡት ሠራተኞች ድካም ሊዘነጋ አይገባም። ይሁን እንጂ አርብቶ አደሩ በአብዛኛው ከጥናቱ ውጭ ቀረ፤ የአገሩም ጠቅላላ ሕዝብ ለብዙ ዓመታት ሲገመት የኖረው ከዚህ በተገኘ መነሻ ነው።

የግምቱ ልክ የተፈተነው ግንቦት 1 ቀን 1976 በተደረገው የመጀመሪያው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው። ውጤቱ ከ42 ሚሊዮን በላይ ሲሆን፣ ቀደም ሲል ሲሠራበት ከነበረው ግምት በብዙ ሚሊዮን በለጠ። መንግሥት ሲያቅድ፣ የእርዳታ ድርጅት እህል ሲያሰላ፣ መሐንዲስ ሲነድፍ የነበረው ለዚህ ሁሉ ሰው አልነበረም ማለት ነው። ቆጠራውም ቢሆን ከጉድለት የጸዳ አልነበረም፤ በጦርነቱ ምክንያት በትግራይና በኤርትራ ብዙ ቦታዎች ቆጣሪ ሊገባ ስላልቻለ የእነዚያ ቦታዎች ሕዝብ በግምት ተሞልቷል። ሁለተኛው ቆጠራ ጥቅምት 1 ቀን 1987 ተደርጎ 53.5 ሚሊዮን፣ ሦስተኛው ግንቦት 20 ቀን 1999፣ በሶማሌና በአፋር ክልሎች ደግሞ በኅዳር 2000 ተደርጎ ወደ 74 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተመዘገበ።

በቆጠራዎቹ መካከል የናሙና ጥናቱ ሥራ እየሰፋ ሄደ። ዓመታዊው የግብርና ናሙና ጥናት በ1973 ተጀመረ። በ1988 የቤተ ሰብ የገቢ፣ የፍጆታና የወጪ ጥናት ተካሄደና አገር አቀፍ የድህነት መጠን ከእርሱ ተሰላ፤ መጠኑም በ1988 ከነበረበት 45.5 በመቶ በ2008 ወደ 23.5 በመቶ መውረዱ ተገለጸ። በ1992፣ በ1997፣ በ2003ና በ2008 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ተደረጉ። የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በ1981 በጥቂት መንደሮች የጀመሩትን የገጠር ቤተ ሰቦች ጥናት በ1986 ወደ 15 መንደሮች አስፍተው ያንኑ ቤተ ሰብ በየጊዜው እየተመለሱ ጠይቀዋል፤ ከደቡቡ የሀገራችን ክፍል ሐድያና ከምባታ፣ ጌዴኦ፣ ወላይታና ጋሞ ጎፋ አካባቢ ያሉ መንደሮች ገብተውበታል። እዚህ ላይ ግን መንደሮቹ የተለያየውን የግብርና ሥርዓት እንዲያሳዩ ታስበው የተመረጡ እንጂ በዕጣ የወጡ ስላልሆኑ፣ ጥናቱ የኑሮን ለውጥ ለመረዳት እንጂ የመላውን ኢትዮጵያ አማካይ ለመናገር እንደማያገለግል ማስታወስ ያሻል።

፫. የሚሰላው ስሕተት

ናሙና በዕጣ ከተመረጠ አንድ የማይቀር ስሕተት ይከተለዋል፤ ይኸውም ሌላ ዕጣ ቢወጣ ኖሮ ሌላ አሐዝ ይገኝ ነበር የሚለው ነው። ይህ የናሙና ስሕተት ይባላል፤ ጠባዩም ለመሐንዲስ የሚመች ነው፤ ሊሰላ ይችላልና። በአንድ ከተማ የቧንቧ ውሃ በግቢያቸው ያላቸውን ቤተ ሰቦች ድርሻ ከ5 በመቶ ባልበለጠ ልዩነትና በ95 በመቶ መተማመን ለማወቅ ቢፈለግ፣ በተራ ዕጣ 384 ቤተ ሰቦች ይበቃሉ። ብዙ ሰው የማይቀበለው ነገር ቢኖር ይህ ቁጥር ለሐዋሳም ለአዲስ አበባም ያው መሆኑ ነው። የስሕተቱ ልክ የሚወሰነው በዋናነት በናሙናው መጠን እንጂ በከተማው ስፋት አይደለም፤ በትልቅ ድስትም ሆነ በትንሽ ድስት የተማሰለ ወጥ ለመቅመስ ማንኪያው አንድ ነው። በሌላ በኩል ልዩነቱን ከ5 ወደ 2.5 በመቶ ለማውረድ የሚፈለገው ናሙና እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ፣ ማለትም 1,537 ቤተ ሰብ ነው። የጥናት በጀት ቶሎ የሚያልቀው ስለዚህ ነው።

በተግባር ግን ተራ ዕጣ የሚወጣበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፤ በየመንደሩ የተበታተነ አንድ አንድ ቤት ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ነዳጅና ውሎ አበል አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ የቆጠራ ቦታዎች ይመረጣሉ፤ ከዚያም በየቆጠራ ቦታው ውስጥ የቤቶች ዝርዝር ተዘጋጅቶ ጥቂት ቤተ ሰቦች በዕጣ ይወጣሉ። የ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 645 የቆጠራ ቦታዎችን (202 ከከተማ፣ 443 ከገጠር) መርጦ ከእያንዳንዱ 28 ቤተ ሰቦችን ያወጣው በዚህ መንገድ ነው። ወጪው ቀነሰ፤ ዋጋው ግን ተከፍሏል። ጎረቤታሞች ይመሳሰላሉ፤ አንዱ ቤት ቧንቧ ካለው ጎረቤቱም ሳይኖረው አይቀርም። ስለዚህ ከአንድ ሰፈር የተጠየቁ 20 ቤቶች የ20 ቤት ያህል ዕውቀት አይሰጡም። የመመሳሰሉ ልክ 0.05 ብቻ ቢሆን እንኳ የስሕተቱ መለኪያ 1 + 19 × 0.05 = 1.95 ጊዜ ያድጋል፤ 384 ቤተ ሰብ ይበቃል የተባለው ወደ 750 ከፍ ይላል። ይህን ማባዣ ሳያስገባ «384 ጠይቄአለሁ፤ ስሕተቴ 5 በመቶ ነው» የሚል ሪፖርት የስሕተቱን ልክ አሳንሶ ይናገራል።

፬. የመዝገቡ ስሕተት

ከዚህ በኋላ የምንመለከታቸው ስሕተቶች በቀመር አይሰሉም፤ ናሙናው ቢበዛም አይቀንሱም። ከእነርሱ ሁሉ የሚቀድመው የመዝገቡ ስሕተት ነው። ዕጣ የሚወጣው ከመዝገብ ነው፤ በመዝገቡ ላይ የሌለ ሰው ዕጣ ሊደርሰው አይችልም።

በአገራችን ለአብዛኞቹ ጥናቶች መዝገብ ሆኖ የሚያገለግለው ከሕዝብ ቆጠራ የሚገኘው የቆጠራ ቦታዎች ዝርዝር ነው። ከ1999 ቆጠራ የተገኘው ዝርዝር 84,915 የቆጠራ ቦታዎች ነበሩት፤ በአማካይ እያንዳንዳቸው 181 ቤተ ሰብ ይዘው ነበር። ለ2010 ታቅዶ የነበረው አራተኛው ቆጠራ በጸጥታና በሌሎች ምክንያቶች ደጋግሞ ተራዘመ፤ ከዚያ ቀደም ብሎ በ2008 የተደረገው ጥናት እንኳ ዘጠኝ ዓመት ባስቆጠረው በዚሁ መዝገብ ለመሥራት ተገድዷል። ለተራዘመው ቆጠራ አዲስ የካርታ ሥራ ሲሠራ የቆጠራ ቦታዎቹ ቁጥር 149,093 ደረሰ። የሁለቱ አሐዞች ልዩነት አገሩ በመካከሉ የቱን ያህል እንደ ተለወጠ ይመሰክራል።

የሐዋሳን ከተማ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በ1987ቱ ቆጠራ 69,169 የነበረው ሕዝቧ በ1999 ወደ 157,139 አደገ። ሆኖም በዚያው በ1999 ቆጠራ ሌላ አሐዝም ይገኛል፤ 258,808። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አንደኛው የከተማውን ነዋሪ ብቻ ሲቆጥር ሁለተኛው በከተማው አስተዳደር ሥር ያሉትን የገጠር ቀበሌዎች ይጨምራል። ሪፖርት ጸሐፊው የትኛውን እንደ ወሰደ ካልገለጸ፣ ከመቶ ሺህ ሰው በላይ የሚያህል ልዩነት አንድም ሰው ሳይሳሳት ወደ ንድፉ ይገባል።

የዕድገቱን መጠን ደግሞ እንይ። ከ69,169 ወደ 157,139 ለመድረስ በዓመት ከ6 በመቶ በላይ ማደግ ያስፈልጋል፤ ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ የሰው መጨመር፣ ምን ያህሉ የወሰን መስፋት እንደ ሆነ ግን አሐዙ ብቻውን አይናገርም። አንድ መሐንዲስ በ4 በመቶ ዕድገት የሃያ ዓመት ንድፍ ቢሠራ 157,139 ሰው ወደ 344 ሺህ ይደርስለታል፤ ሌላው በ6.5 በመቶ ቢያሰላ ወደ 554 ሺህ ይደርስበታል። በመካከላቸው ያለው 210 ሺህ ያህል ሰው በነፍስ ወከፍ 60 ሊትር ቢደለደል በቀን ከ12 ሺህ ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ነው። ይህ የአንድ ማጣሪያ ጣቢያ መኖር ወይም አለመኖር ማለት ነው። ያም ሆኖ ሁለቱም መሐንዲሶች ከ1999 ወዲህ የሆነውን፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩን በ2008 መከፈት፣ የኅዳር 10 ቀን 2012 ሕዝበ ውሳኔንና ከተማዋ የሲዳማ ክልል መናገሻ መሆኗን ገና በሒሳባቸው አላስገቡም።

በከተማ ውስጥም መዝገብ የሚያመልጠው ሰው አለ። ቤተ ሰብ ማለት በአንድነት አብስሎ የሚበላ ነው ይላል የጥናቱ መመሪያ። በአንድ ግቢ ዋናውን ቤት ባለቤቱ ይዞት ከጓሮ በተደረደሩት ክፍሎች ተከራዮች ሲኖሩ፣ ዝርዝር አውጪው በሩን አንኳኩቶ «ስንት ናችሁ?» ቢል የሚሰማው የባለቤቱን ቤተ ሰብ ቁጥር ነው። በአንድ ክፍል ለአራት ለአምስት ሆነው ተከራይተው በፈረቃ የሚሠሩ ወጣቶች አንድ ቤተ ሰብ ናቸው ወይስ አምስት? መመሪያው መልስ አለው፤ የሚያስጨንቀው መመሪያው በየግቢው በትክክል መፈጸሙ ነው። ውሃውን የሚቀዱት፣ ቆሻሻውን የሚያወጡት ግን እነርሱም ናቸው።

መዝገብና ግምት ሲጣሉ ምን እንደሚሆን ከ1999 ቆጠራ ወዲህ በገሃድ ታይቷል። የአማራ ክልል ሕዝብ ከተተነበየው ከ2 ሚሊዮን በላይ አንሶ በመገኘቱ ጉዳዩ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሳይቀር አነጋገረ፤ በ2004 ደግሞ በቆጠራዎች መካከል የሚደረግ የሕዝብ ጥናት ተካሄደ። እንዲህ ያለ ልዩነት ሲገኝ ትንበያው በዝቶ ይሆን ወይስ ቆጠራው ጎድሎ የሚለውን ሁለቱ አሐዞች ራሳቸው ሊፈርዱት አይችሉም፤ ከሁለቱም ነፃ የሆነ ሦስተኛ መለኪያ ያስፈልጋል። በጀት የሚከፋፈለው በሕዝብ ቁጥር በሆነበት አገር ይህ የባለሙያ ክርክር ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የሚያስገኝና የሚያሳጣ ነው።

፭. የጠያቂውና የተጠያቂው ስሕተት

በበለጸጉት አገሮች የናሙና ጥናት ትልቁ ጭንቀት መልስ የማይሰጠው ሰው ነው። በእኛ አገር ይህ ችግር ሲነጻጸር ቀላል ነው፤ በ2008ቱ የጤና ጥናት ከቤተ ሰቦቹ 98 በመቶ፣ ከሴቶቹ 95 በመቶ፣ ከወንዶቹ 86 በመቶ መልስ ሰጥተዋል። እንግዳን ከደጅ አለመመለስ ለስታቲስቲክስም ጠቅሟል። የወንዶቹ ማነስ ግን ምክንያት አለው፤ ቀን በሥራ ላይ የሚውል ሰው ቤቱ አይገኝም፤ የማይገኘውም ከሚገኘው በኑሮው ይለያል። አንዳንዴ ደግሞ የማይገኘው ሰው ሳይሆን አካባቢው ነው። በ2003ቱ ጥናት በሶማሌ ክልል ከተመረጡት 65 የቆጠራ ቦታዎች በ18ቱ በድርቅ፣ በጸጥታና በመሳሰሉት ምክንያቶች መጠይቅ አልተደረገም። የቀሩት ቦታዎች ከተጠየቁት ይልቅ የተቸገሩ ቢሆኑ አማካዩ ከእውነቱ የተሻለ መስሎ ይታያል።

እንግዲህ የእኛ ትልቁ ጭንቀት የሚመልሰው ሰው መልስ ነው። አንደኛው ጉዳይ ቋንቋ ነው። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ መጠይቅ ወደ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ተተርጉሞ ይቀርባል። ጠያቂው ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ ብቻ በሚነገርበት ቤት ሲገባ ጥያቄውን እዚያው በአፉ ይተረጉመዋል፤ ሁለት ጠያቂዎች አንዱን ጥያቄ ሁለት አድርገው ቢተረጉሙት በወረቀቱ ላይ የሚታይ ምልክት የለም።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው። የልደት ምዝገባ ባልተስፋፋበት አገር ሰው ዕድሜውን የሚናገረው በግምት ነው፤ ስለዚህ በቆጠራዎቻችን በ0ና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ ጉብ ብለው ይታያሉ። እናቶች የልጆቻቸውን ልደት በጥምቀት፣ በአዝመራ ወይም በአንድ ታላቅ ክስተት ያስታውሳሉ፤ ሠለጠን ያለ ጠያቂም የአካባቢውን ክስተቶች ዝርዝር ይዞ የሚሄደው ለዚህ ነው። በዚህ ላይ የጠያቂው ጥቅም ይታከልበታል። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ሁሉ ረጅም የጤና ጥያቄ የሚጠየቅ ከሆነ፣ የደከመው ጠያቂ አራት ዓመት ከመንፈቅ የሆነውን ልጅ አምስት ዓመት አልፎታል ብሎ ለመጻፍ ይፈተናል። በዚህም ምክንያት የቅርቡ ልደት ቀንሶ የሩቁ ይጨምራል፤ የወሊድ መጠንም ከእውነቱ ፈጥኖ የወረደ ይመስላል።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ባለፈው ሳምንት ምን በላችሁ ተብሎ በዐቢይ ጾም የተጠየቀ ቤተ ሰብና በፋሲካ ማግስት የተጠየቀው ያው ቤተ ሰብ አንድ መልስ አይሰጡም። አዝመራ በገባበት በጥርና ጎተራ በተራቆተበት በነሐሴ መካከል ያለው ልዩነትም እንዲሁ ነው። የ2003 የፍጆታ ጥናት ዓመቱን ሙሉ የተዘረጋው ይህን ለማስተካከል ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ግን በዓመት ውስጥ በተወሰኑ ሁለት ወቅቶች የተሰበሰቡ ነበሩ። ማሻሻያው መልካም ነው፤ ነገር ግን መለኪያው ሲለወጥ የቀድሞውንና የአሁኑን ማነጻጸር ጥንቃቄ ይጠይቃል።

፮. የመለኪያው ስሕተት

የግብርና ናሙና ጥናት የእህል ምርትን የሚገምተው በተመረጠው ማሳ ላይ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ቦታ በዕጣ አስምሮ፣ በውስጡ ያለውን ሰብል አጭዶ፣ ወቅቶና መዝኖ ነው። የተመዘነው በማሳው ስፋት ሲባዛ ምርቱ ይገኛል። ይህ ዘዴ በሕንድ ብዙ ተመርምሯል። ማሃላኖቢስ ትንንሽ ቁራጮችን ሲመርጡ፣ ሱካትሜ ግን ትንሽ ቁራጭ ምርቱን አጋንኖ እንደሚያሳይ በሙከራ ተከራከሩ። ምክንያቱ ለመሐንዲስ ግልጽ ነው፤ ቁራጩ ሲያንስ የጠርዙ ርዝመት ከስፋቱ አንጻር ይበዛል፤ በመስመሩ ላይ የቆመው አገዳ «ከውስጥ ነው ወይስ ከውጭ?» ሲባል የአጫጁ እጅ ወደ ውስጥ ያደላል።

ታዲያ ገበሬውን መጠየቅ አይሻልምን? ዴሲየርና ጆሊፍ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን መረጃ መርምረው ባወጡት ጽሑፍ ለዚህ መልስ ይገኛል። ትንሽ ማሳ በሄክታር ከትልቅ ማሳ የበለጠ ያመርታል የሚለው የቆየ አስተያየት ገበሬው በቃሉ በተናገረው ምርት ሲሰላ ጎልቶ ይታያል፤ ያው ማሳ ታጭዶ በተመዘነ ጊዜ ግን ይጠፋል። ገበሬው የትንሹን ማሳ ምርት አብዝቶ፣ የትልቁን አሳንሶ ይናገራል ማለት ነው። በመሬት ፖሊሲ ላይ ለዘመናት ሲያከራክር የኖረ አንድ ጉዳይ ከፊሉ የመለኪያ ጥላ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

በደቡቡ የሀገራችን ክፍል ደግሞ አራት በአራቱ ካሬ ራሱ አይሠራም። እንሰት በአንድ ወቅት ተዘርቶ በአንድ ወቅት የሚታጨድ አይደለም፤ ዓመታት ቆሞ እንደ ቤቱ ፍላጎት አንድ አንድ እየተነቀለ ይፋቃል፤ ከዚያም ተቀብሮ ቆጮ፣ የሲዳማ ሰው ዋሳ የሚለው፣ ይሆናል። ምርቱን ለማወቅ የተነቀለውን ግንድ ቁጥርና ከአንድ ግንድ የሚገኘውን ቆጮና ቡላ መለየት ያስፈልጋል፤ ይህን ጠንቅቀው የሚያውቁት ደግሞ የሚፍቁት ሴቶች ናቸው። ጠያቂው አባወራውን ብቻ ጠይቆ ከሄደ፣ ሚሊዮኖችን የሚመግበው ተክል በብሔራዊው ሒሳብ ውስጥ ከሚገባው በታች ይታያል።

፯. ለሞያችን የሚሆን ትምህርት

ከላይ የተባለው ሁሉ ወደ ራሳችን ሥራ ሲመለስ ጥቂት ቁም ነገሮች ይገኙበታል።

በመጀመሪያ፣ የሕዝብ ቁጥር ወደ ንድፍ ሲገባ ምንጩ፣ ዓመቱና ወሰኑ አብሮ ይጻፍ። «የሐዋሳ ሕዝብ» ብቻ ማለት «የቧንቧው ውፍረት» ብሎ ሚሊሜትሩን እንደ መተው ነው።

ሁለተኛ፣ የውሃ ፍጆታ ጥናት ስናደርግ ሰዎች የሚቀዱትንና የሚፈልጉትን አናምታታ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር «በቀን ስንት ጀሪካን ትጠቀማላችሁ?» ተብሎ የሚገኘው መልስ የመሥመሩን አቅም እንጂ የሕዝቡን ፍላጎት አይለካም፤ በዚያ አሐዝ የተነደፈ አዲስ መሥመር ያንኑ እጥረት ያጸናል። ጥናቱም ውሃ በመጣበትና ባልመጣበት ቀን፣ በበጋና በክረምት መከፋፈል አለበት።

ሦስተኛ፣ የጓሮ ተከራዩን የምናገኘው ወደ ጓሮ ከገባን ብቻ ነው። የቤቶችን ዝርዝር ማውጣት ለተራ ሠራተኛ የሚተው ጥቃቅን ሥራ ተደርጎ ይታያል፤ በእውነቱ ግን የጥናቱ መሠረት እርሱ ነው፤ መሐንዲሱ ራሱ ከዝርዝሩ ጥቂት ግቢዎችን መርጦ በእግሩ ሄዶ ሊያመሳክር ይገባል።

አራተኛ፣ ገንዘብ ሲያጥር ናሙናውን ማሳነስ እንጂ ሥልጠናውንና ቁጥጥሩን መቀነስ አይገባም። በደንብ የሠለጠኑ አምስት ጠያቂዎች ያመጡት 400 መጠይቅ፣ ማንም ያልተቆጣጠራቸው ሃያ ጠያቂዎች ካመጡት 2,000 ይበልጣል። ትልቁ ናሙና የሚቀንሰው የሚሰላውን ስሕተት ነው፤ የማይሰላውን እንዲያውም ያበዛዋል።

አምስተኛ፣ አንድ አሐዝ ብቻ ይዘን አንንደፍ። ዝቅተኛና ከፍተኛ ግምት ይዘን፣ ማጣሪያውንና ማጠራቀሚያውን በየደረጃው ሊስፋፋ በሚችል መልክ ብንሠራ፣ ቆጠራው መጥቶ እውነቱን በነገረን ጊዜ ሥራው አይፈርስም፤ ይቀጥላል።

ኢትዮጵያ ቆጠራ ሳይኖራት በናሙና የጀመረች አገር ናት፤ በ1976 የመጀመሪያው ቆጠራ የግምቷን ልክ አሳያት። ከ1999 ወዲህ የረዘሙት ዓመታት ወደዚያው ወደ ቀድሞው ሁኔታ እየመለሱን ነው። አዲስ ቆጠራ እስኪደረግ ድረስ በእጃችን ያለው የናሙና ጥናት ነው፤ ጥናቱን የሚያምንም የሚጠራጠርም ሰው አስቀድሞ እንዴት እንደ ተሠራ ሊያውቅ ይገባዋል። የማኅበራችን አባላት በየመሥሪያ ቤታችን የሚቀርብልንን አሐዝ ከመቀበላችን በፊት ከየትኛው መዝገብ እንደ ወጣ፣ ማን እንደ ተጠየቀ፣ በምን ቋንቋና በየትኛው ወር እንደ ተጠየቀ የመመርመር ልማድ ብናዳብር፣ ለስታቲስቲክስ ባለሙያዎችም ለምናገለግለው ሕዝብም የሚጠቅም አስተዋጽኦ ይሆናል።